ሳክስፎኑን ስማው

ዛሬ መርካቶ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጡ አንድ አባት ጋር የአምሃ ሪከርድስን ትንሿን ሸክላ አንስቼ ዘፋኙን ሳደንቅ "ቆይ ልጄ፣ ሳክስፎኑን ስማው" ብለው ማጫወቻው ላይ አደረጓት። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ሳክስፎኑ ቀበል አድርጎ ያንኑ ዜማ እያጣመመ ይመልስለታል፣ በቃ ሁለት ሰዎች የሚያወሩ ነው የሚመስለው! ወረቀቷ ላይ ግን ያለው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። የአምሃ ሪከርድስ መሥራች አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መብት ሆኖ ሳለ ደፍሮ ባይጀምር ብዙው ድምፅ አይቀርልንም ነበር፣ ትልቅ ውለታ ነው። ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡት ሳክስና ትራምፔት ነፊዎችስ? ስለዚያ ዘመን ሙዚቃ የምትጽፉ ሰዎች እባካችሁ በሕይወት ያሉትን ሄዳችሁ ጠይቁልን፣ ማን የቱን እንደነፋ ስም በስም ጻፉልን።