ዋልካ መሬትና የወላጆቼ ቤት ስንጥቅ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኘው የወላጆቼ ቤት፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር የሚነሣ ስንጥቅ አለ፤ በበጋ ጣት እስኪያስገባ ይከፈታል፣ ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ መልሶ ይጠብባል። ግንበኛው ሲሚንቶ አንሶ ነው ቢልም፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ግን «መሬቱ ዋልካ ነው» ብለው ነበር። ትክክለኞቹ እነሱ መሆናቸውን የተረዳሁት ስለ ማዕድናት አወቃቀር ከተማርሁ በኋላ ነው።

ዋልካ ሲረጥብ እንዲያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ እንዲኮማተር የሚያደርገው በውስጡ በብዛት የሚገኘው ስሜክታይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ሲሆን፣ እሱም እንደ ሚካ፣ ታልክና ካኦሊናይት ሁሉ ከንብርብር ሲሊኬቶች ወገን ነው። የሁሉም መሠረት በአራት የኦክስጅን አቶሞች የተከበበ አንድ የሲሊከን አቶም ነው፤ ይህ ባለ አራት ፊት ቅርጽ ሦስቱን ኦክስጅኖች ከጎረቤቶቹ ጋር እየተጋራ በጎን ሲዘረጋ ስድስት ማዕዘን ክፍተቶች ያሉት ስስ ንጣፍ ይሠራል፣ በአራተኛው ኦክስጅን ደግሞ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ከያዘ ሌላ ንጣፍ ጋር ይያያዛል። በካኦሊናይት ሁለቱ ንጣፎች አንድ ለአንድ ይጣመራሉ፤ በሌሎቹ ሦስቱ ግን ሁለት የሲሊከን ንጣፎች ሌላውን ከላይና ከታች ያቅፉታል።

ልዩነቱ የሚመጣው የተጣመሩትን ንጣፎች እርስ በርስ ከሚያያይዘው ነገር ነው፤ እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በታልክ መያያዣው እጅግ ደካማ ስለሆነ ድንጋዩ በጥፍር ይፋቃል። በሚካ ከአራት ሲሊከኖች የአንዱን ቦታ አሉሚኒየም ስለሚይዝ አሉታዊ ቻርጅ ይፈጠራል፣ ፖታሲየምም በስድስት ማዕዘኖቹ ክፍተቶች ገብቶ ስለሚቆልፈው ውሃ መግቢያ አያገኝም። በስሜክታይት ግን ቻርጁ አነስተኛ ነው፤ በመካከል ያሉት ካልሲየምና ሶዲየም ውሃ ይስባሉ፣ ውሃውም ንብሮቹን እየገፋ ያራርቃቸዋል። ለውሃ የተጋለጠው የአንድ ግራም ስሜክታይት ገጽ 700 ካሬ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ መሬቱ ቤት ማንሣቱ አይገርምም።

ይሁንና ዋልካን መውቀስ ብቻ ተገቢ አይመስለኝም፤ ገበሬው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ሽምብራና ጓያ ዘርቶ የሚያመርተው ይህ አፈር ባቆየው እርጥበት ነው። ካኦሊናይት ለሴራሚክና ለወረቀት፣ ሚካ ለኤሌክትሪክ መከላከያ ያገለግላሉ። ምጣድና ጀበናም የሸክላ ማዕድናት ሥራ ናቸው፤ ሸክላው በእሳት ሲተኮስ በአወቃቀሩ ውስጥ የታሰረው ውሃ ስለሚወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ቢዘፈዘፍም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም።

መንገድ ሠሪዎች ዋልካን በኖራ ያክሙታል፤ የኖራው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ እየወሰደ እብጠቱን ይቀንሳል። ለተሠራ ቤት ግን ይህ ስለሚከብድ፣ እኛ የጣሪያውን ውሃ ከመሠረቱ አርቆ የሚወስድ ቦይ አስቆፈርን። ስንጥቁን በየወሩ በማስመሪያ እለካለሁ፤ ዘንድሮ በጥር የተከፈተው ከአምናው በ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው።