የሕይወት ታሪኩ ላይ ያልገባው

የእኛን ሰው የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ ታውቁታላችሁ። «ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት፣ ከአባቱ ከአቶ እገሌ በጎንደር ከተማ ተወለደ» ብሎ ይጀምራል። መሃል ላይ ትምህርትና ሥራ ይደረደራል። «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» ብሎ ያልቃል። አጎቴ ሲሞት እንድጽፍ የተሰጠኝ ይሄው ነው። ቨርጂኒያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነበብ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ። የፓርኪንግ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንትነቱን፣ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ የነበረውን ተሳትፎ አስገባሁ። ሰው ሁሉ «ጥሩ ተጽፏል» አለኝ። ከቀብሩ በኋላ ለልቅሶ ጎንደር ስመጣ ግን፣ እዚህ የሚወራለት ጋሼ ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት።

እኔ እስክደርስ መርዶው ተይዞ ነበር። ከአዘዞ አየር ማረፊያ በቀጥታ ዘመድ ቤት ወሰዱኝና አደርኩ። ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቹ ከኦቶ ፓርኮ ከፍ ብሎ ወዳለው የእናቴ ግቢ ገቡ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በር ላይ ቆማለች። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «ተወው፣ አትድከም» አለችው። «እሁድ ሳይደውል የቀረ ለት አውቄዋለሁ።»

ለካ ሰው ሁሉ «ሥራ በዝቶበት ነው» እያለ ሲያባብላት፣ እሷም ያመነች መስላ እነሱን ስታባብላቸው ከርማለች። ከዚያ ተቀመጠችና በዝግታ ማልቀስ ጀመረች።

«እሁድ ደረሰና ስልኩ ጮኸ ብዬ፣
ብሮጥ ብሮጥ የለም፣ ወንድሜ ዓለምዬ።»

ግቢው ተናወጠ።

የእሁዱ ነገር የቆየ ነው። በደርግ ጊዜ ቤታችን ስልክ አልነበረም። ድምፁን በካሴት ቀድቶ፣ የሚመጣ ሰው ሲያገኝ ይልካል። ካሴቱን ከበን ስናዳምጥ አያቴ መሃል ላይ «እሺ ልጄ» እያለች ትመልስለት ነበር። ኋላ ቴሌ ቀጠሮ ይዘን መጠበቅ መጣ፣ ከዚያ የጎረቤት ስልክ፣ ከዚያ ሞባይል። መንገዱ ይቀያየራል እንጂ እሁድ አይቀየርም።

ጋሼ የወጣው በ1970 ዓ.ም. ነው። የጎንደር እናት «ሁለተኛ አልወልድም» ያለችበት፣ የደርጉ የጎንደር አስተዳዳሪ የመላኩ ተፈራ ዘመን። ፋሲለደስ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ሐሳቡ እዚሁ ከተማችን ያለው ጤና ኮሌጅ መግባት ነው። የክፍል ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲለቀሙ፣ አያቴ በሶ ቋጥራ በመተማ በኩል ሸኘችው። ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ጫካ ውስጥ እየዋሉ ገዳሪፍ ገቡ። አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ዕድሉ ደረሰውና ዋሽንግተን ሄደ።

ዋሽንግተን ያኔ ለብዙ ሐበሻ የመጀመሪያ ሥራ ፓርኪንግ ነው። እሱም የገባው እዚያው ነው። ከምድር በታች ያለ ጋራዥ፣ ሁለት ሰው የማይዝ ቡዝ። እግሩ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ፊቱ የቲኬት ማተሚያ፣ መሳቢያው ውስጥ የአካውንቲንግ መጽሐፍ። የማታ ትምህርቱን የጨረሰው የመኪና ጭስ እየማገ ነው። ከዚያ ሱፐርቫይዘር፣ ማኔጀር እያለ ላይ ወጣ። ይሄን ጽፌዋለሁ፣ አልደግመውም።

ያልጻፍኩት አንዱ ይሄ ነው። ጋራዦቹ ወደ መክፈያ ማሽን ሲዞሩ ካሸር አያስፈልግም ተባለ። የመሰናበቻ ደብዳቤው ላይ መፈረም የእሱ ሥራ ሆነ። ብዙዎቹን የቀጠራቸው እሱ ራሱ ነው፤ ሐበሻም አለ፣ ሳልቫዶራዊም አለ። ደብዳቤውን በፖስታ ልኮ መገላገል ይችል ነበር። እሱ ግን የሌሊት ሺፍት ያላቸውን ሳይቀር ቡዛቸው ድረስ እየሄደ ነገራቸው። አንዳንዱን ወደ ጥበቃ፣ አንዳንዱን ወደ ጽዳት አዛወረ። ሁሉንም ግን አልቻለም። ከተሰናበቱት አንዱ ከዚያ በኋላ አናግሮት አያውቅም። ቀብር ላይ ግን መጥቶ አይቼዋለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ አስከሬን የለም። የተቀበረው ቨርጂኒያ ነው፤ «ልጆቼ ካሉበት» ያለው ራሱ ነው። ይሄ ለጎንደር ዘመድ ቀላል ነገር አይደለም። አርባ አራት ታቦት ባለበት አገር ተወልዶ ባዕድ አፈር መቅረት! አንድ አዛውንት እጄን ይዘው «ቀሃ ኢየሱስ ምን ጎድሎት?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? በአስከሬኑ ፋንታ ፎቶው ቆሟል። ኩባንያው ሲሾመው የተነሳው ነው፤ ጥቁር ሱፍ በቀይ ክራባት። ንፍሮ የምታድል ጎረቤት ቀና ብላ አየችውና «የባንክ ሰው ነበር እንዴ?» አለች። «የመኪና ማቆሚያ» አልኳት። ዝም አለች። ላስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። ለእነሱ ምንም አይጨምርላቸውም።

ለእነሱ ጋሼ ማለት ካርድ ነው። የትምህርት ቤት ካርድ። የእህት የወንድም ልጆችን ክፍያ የሚልከው ካርዳቸውን አይቶ ነበር። በፊት በፖስታ፣ አሁን አሁን በቴሌግራም። ካርዱ ካልመጣ ሃዋላውም አይመጣም። ደብተር ነበረው፤ የማን ልጅ፣ ስንተኛ ክፍል፣ ሒሳብ ስንት፣ እንግሊዝኛ ስንት። ልጆቹ «ዳይሬክተሩ» ይሉታል። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ነርስና አንድ መሐንዲስ ተቀምጠው፣ በአንድ ሴሚስተር ውጤት ስንት ወር እንደተቆጣቸው ያወራሉ።

ዘመድ ሁሉ ይወደው ነበር ብዬ አልዋሽም። ባጃጅ ልግዛበት ብሎ ብር የጠየቀው «ሰኞ እንነጋገር» ይባላል። የጋሼ ሰኞ ማለት እምቢ ማለት ነው። እምቢ የሚል አፍ አልነበረውም። ሰዎች ይሄን እንደ ደግነት ይቆጥሩለታል። እኔ ግን ቁርጡን ቢናገር ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ሰኞን ሲጠብቅ ዓመት የጠበቀ ዘመድ አለን።

ሕመሙንም እንደዚያው ነው የደበቀው። የመጨረሻውን ዓመት ዳያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ነበር። ጎንደር ያለ ማንም አልሰማም። በቪዲዮ ሲያወሩ የግራ እጅጌውን ወደ መዳፉ ይስባል፤ መርፌው የሚገባበት ክንድ እንዳይታይ። እማዬ «ብርድ ነው እንዴ?» ትለዋለች። «አዎ፣ በረዶ ነው» ይላል። ሐምሌ ላይ!

ትልቋ ልጁ ከቀብሩ ማግስት የነገረችኝም አለ። «እሁድ የእኛ አልነበረም፣ የጎንደር ነበር» አለችኝ። ሳቅ ብላ ነው የተናገረችው፣ ግን ቅሬታ አለበት። ደግሞ ወዲያው የወላጆች ስብሰባ ቀርቶ እንደማያውቅ አነሳች። የፓርኪንግ ጃኬቱን እንደለበሰ፣ የኩባንያው ስም ጀርባው ላይ ተጽፎ ይመጣል። አሥር ዓመቷ ነበር፣ ታፍርበት ነበር። አሁን ጃኬቱን ማንም እንዳይወስድባት ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።

ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ የእማዬ ስልክ ጮኸ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያቺው ልጅ ናት፣ በቪዲዮ። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ «እትዬ፣ እንዴት ነሽ? እግርሽ?» አለቻት። አለቃቀሱ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ከካሜራው በታች የሆነ ነገር ገለጥ ገለጥ አደረገች። ደብተሩ ነው። የልጆቹን ስም በአባቷ እጅ ጽሑፍ እየተንተባተበች ጠራች። «ካርዳችሁን በቴሌግራም ላኩልኝ። ሁላችሁም» አለች።

ሒሳብ ሃምሳ ሁለት ያመጣው የእህቴ ልጅ ከሰዎቹ መሃል ቀስ ብሎ ተነሳ። «ደሞ ሌላ ዳይሬክተር መጣች?» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።