ቁስሉ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ችግሩ ከላይ

ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚውል መምህር፣ ከማለዳ ጀምሮ ምጣድ አጠገብ የምትቆም እንጀራ ጋጋሪ፣ የሕንፃ ጥበቃ፣ ጸጉር ሠሪና አስተናጋጅ ስለ እግራቸው ሲያወሩ የሚሉት ይመሳሰላል። ጧት ደህና የነበረው እግር ከሰዓት በኋላ ይከብዳል፤ ማታ ካልሲ ሲወልቅ ጠርዙ ያረፈበት ቦታ ሰርጉዶ ይታያል፤ ሌሊት ባት ይሸማቀቃል፤ እግር ከፍ ብሎ ትራስ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሕመሙ ቀለል ይላል። እኔም ከመምህራኑ ወገን ነኝ፤ በግራ ባቴ ላይ የወጣው ጥምዝምዝ ደም ስር ለምርመራ ካደረሰኝ ወዲህ ከሐኪሞች የተረዳሁትንና ራሴ ያነበብኩትን እዚህ አሰፍራለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ ለማንም ሕክምና አላዝም። እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ በዚህ የእግር ደም መልስ በሽታ ዓይናችን የሚያርፍበት ቦታና ችግሩ የሚነሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው።

ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርደው በደም ቅዳ በኩል በልብ ግፊት ሲሆን፣ በደም መልስ በኩል የሚመለሰው ግን ሽቅብ ነው። ቆመን ሳንንቀሳቀስ ስንቀር ቁርጭምጭሚት አካባቢ በደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ይህም ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የደም ዓምድ ክብደት ነው። መራመድ ስንጀምር የባት ጡንቻ በመካከሉ የሚያልፉትን ጥልቅ ደም መልሶች እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ በደም መልሱ ውስጥ ያሉት ስስ ቫልቮችም ደሙ ካለፈ በኋላ ስለሚዘጉ ተመልሶ እንዳይወርድ ያግዱታል። በጤናማ እግር ላይ ጥቂት እርምጃዎች ግፊቱን ወደ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለማውረድ ይበቃሉ። ስለ እነዚህ ቫልቮች በጣሊያኗ ከተማ በፓዱዋ ያስተምር የነበረው ሐኪም ፋብሪሲየስ በ1603 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል፤ ነገር ግን ደም ወደ ልብ ብቻ እንዲሄድ የሚፈቅዱ መሆናቸውን ተረድቶ የደም ዝውውርን ለማስረዳት የተጠቀመባቸው ተማሪው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ነው፤ እሱም በ1628 እ.ኤ.አ. ክንድን በጨርቅ አስሮ ደም ስሮቹን በጣት እየተጫነ አሳይቷል። ይህን ሙከራ ለተማሪዎቼ በገዛ ክንዴ ላይ አሳያቸዋለሁ፤ ያለ ምንም መሣሪያ ሊሠራ ከሚችል የሥነ ሕይወት ትምህርት ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

በሽታው የሚጀምረው ቫልቮቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ከቁርጭምጭሚት የውስጥ ጎን ተነስቶ በባትና በጭን ውስጠኛ ጎን እስከ ብሽሽት የሚወጣ ረጅም ደም መልስ ከቆዳ ሥር አለ፤ በብዛት የሚያፈስሰውም እሱ ነው። ብሽሽት ወይም ጭን ላይ ያለው ቫልቭ ሲላላ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፤ ከእሱ በታች ያለው ክፍል በተጨመረበት ደም ስለሚለጠጥ የሚቀጥለው ቫልቭም መግጠም ያቅተዋል፤ እንዲህ እየተባለ ጫናው ባት ላይ ያሉትን ቅርንጫፎች ያሳብጣል። ስለዚህ ባቴ ላይ አበጠ የምንለው ደም ስር አብዛኛውን ጊዜ የጭን ችግር ውጤት ነው። ዝንባሌው በዘር ይወረሳል፤ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ቀድሞ የረጋ ደምና ለረጅም ሰዓት መቆም ያባብሱታል። እርግዝናም ትልቅ ድርሻ አለው፤ የደም መጠን ይጨምራል፣ ሆርሞን የደም ስርን ግድግዳ ያላላል፣ ማሕፀንም ከእግር የሚመለሰውን ደም ይጫናል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ግን እብጠቱ በከፊል የሚቀንስላቸው እናቶች ብዙ ናቸው።

ግፊቱ ለዓመታት ሳይቀንስ ሲቀር ጉዳቱ ወደ ቆዳ ይሻገራል። ቀይ የደም ሕዋሳት ከጥቃቅኖቹ ደም ስሮች እየሾለኩ ስለሚወጡ በውስጣቸው ያለው ብረት ቆዳው ውስጥ ተከማችቶ ቁርጭምጭሚትን ቡናማ ያደርገዋል፤ ከዚያም ቆዳው ያሳክካል፣ ችፌ ይወጣበታል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም በትንሽ ጭረት ቆስሎ አልድን ይላል። ይህ ቁስል በአብዛኛው የሚወጣው ከቁርጭምጭሚት የውስጥ ጎን ከፍ ብሎ ነው። ብዙ ሰው ለዚህ ቁስል ቅባት ሲለዋውጥ፣ አንቲባዮቲክ ደጋግሞ ሲገዛ፣ ማርና ቅጠል ሲያስርበት፣ አንዳንዱም ክፉ ደም ይውጣልኝ ብሎ ሲታገም ዓመታት ያልፋሉ። ቁስሉ ኢንፌክሽን ካለበት አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፤ ንጽሕናውም መጠበቅ አለበት። ሆኖም ከላይ የሚወርደው ግፊት ሳይቀንስ ቁስሉን ብቻ ማከም ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያበጠ እግር ሁሉ የደም መልስ በሽታ አይደለም። በወላይታና በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው ከሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ስለሚጎዱ የሚከሰት ነው፤ ይህንንም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በጥናቱ አሳይቷል። ዝሆኔ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆዳውንም ያሻክረዋል፤ የደም መልስ እብጠት ግን ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ጎልቶ ጣቶችን አብዛኛውን ጊዜ ይተዋቸዋል። ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ዝሆኔን ይከላከላል፤ የደም ስር ቫልቭን ግን አይመልስም። ሁለቱም እግሮች እኩል ካበጡ፣ በተለይም ትንፋሽ የሚያጥር ወይም ፊት የሚያብጥ ከሆነ፣ ሐኪሙ ልብን፣ ኩላሊትንና ጉበትን መመርመሩ አይቀርም።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው በጥልቅ ደም መልስ ውስጥ ደም መርጋቱ ነው። አንድ እግር ብቻ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ካበጠ፣ ባት ከጠጠረና ከሞቀ፣ ሲነካም ካመመ፣ ጉዳዩ እስከ ነገ የሚያድር አይደለም፤ የረጋው ደም ተላቅቆ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሊገድል ይችላልና። እንዲህ ያለውን እግር ወለምታ ወይም ብርድ ነው ብሎ ለወጌሻ ማሳሸት እጅግ አደገኛ ነው። ለወጌሾች ሙያ አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም ያለ ምንም ምት ያበጠ ባት የእነሱ ሥራ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እንደሚደረገው ያለ ከ12 ሰዓት በላይ የሚወስድ በረራ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ መተኛት፣ የወሊድ ሰሞን፣ ካንሰርና ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለባቸው የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች ለዚህ ያጋልጣሉ። ሕክምናው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለሦስት ወር ይወሰዳል።

ምርመራው ቀላል ነው፤ አያምም። ታካሚው ቆሞ በአልትራሳውንድ የደሙ አቅጣጫ ይታያል፤ ባት ተጨምቆ ሲለቀቅ ከቆዳ ሥር ባለው ደም መልስ ውስጥ ደም ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ታች ከተመለሰ ቫልቩ እንደሚያፈስስ ይቆጠራል። ተኝቶ ብቻ የተደረገ ምርመራ ይህን ሊስት ስለሚችል ቆመው እንዲመረመሩ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከሕክምናዎቹ መካከል በርካሽነቱ የሚናቅ፣ በጥቅሙ ግን የሚያስደንቀኝ፣ እግርን በመጠኑ አጥብቆ የሚይዘው የግፊት ካልሲ ወይም ፋሻ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ በይበልጥ ይጨብጣል፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ለእብጠትና ለክብደት ስሜት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያለው ሲሆን፣ ለቁስል ወደ 40 የሚጠጋ ግፊት ይመረጣል። ነገር ግን ወደ እግር የሚወርደው የደም ቅዳ ፍሰት የተዳከመበት ሰው፣ በተለይ የስኳር ሕመምተኛና አጫሽ፣ ሳይመረመር ቢያጠልቀው እግሩን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት አስቀድሞ ለክንድ ግፊት ተካፍሎ ይነጻጸራል፤ ውጤቱ ከ0.8 በታች ከሆነ ጠንካራው ግፊት አይታዘዝም። ካልሲው ጧት ከአልጋ ሳይወረድ፣ እግር ሳያብጥ መጠለቅ አለበት፤ ማታ ይወልቃል። በቆላ ሙቀትም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሥራ ላይ ላሉ እህቶቻችን ቀኑን ሙሉ ማድረጉ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርሰው ለአብዛኛው ሰው ስለሚበቃ እሱን መጠየቅ ይቻላል።

እንቅስቃሴም መድኃኒት ነው፤ የሚጎዳው ሳይንቀሳቀሱ መቆም ነውና። በማኅሌት ሌሊቱን መቋሚያ ተደግፈው የሚያድሩ አገልጋዮችን ሳይ ይህ ወደ አእምሮዬ ይመጣል፤ መቆሙ እግርን ይጫናል፣ ሽብሸባው ግን ባትን ያሠራል። እኔም ፈተና ሳስፈትን በመደዳዎቹ መካከል መመላለስ ልማዴ ሆኗል፤ ተማሪዎቼ ኩረጃ የምጠብቅ ይመስላቸዋል። መራመድ በማይቻልበት ቦታ ተረከዝን ደጋግሞ ማንሳት የባትን ጡንቻ ለማሠራት ይበቃል፤ ማታም እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ማሳረፍ እብጠቱን ይቀንሳል።

የሚያፈስሰውን ደም መልስ ራሱን ማስወገድ ወይም መዝጋት ሲያስፈልግ የቀድሞው መንገድ ብሽሽት ላይ ቋጥሮ መንቀል ነበር፤ ዛሬም ይሠራበታል። አሁን ግን በአካባቢ ማደንዘዣ፣ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ መዝጋት ይቻላል፤ ታካሚውም በዕለቱ በእግሩ ይሄዳል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሙቀት በቀዳሚነት፣ በመርፌ የሚገባውን የመድኃኒት አረፋ ቀጥሎ፣ ቀዶ ሕክምናን ደግሞ በሦስተኛ ደረጃ ያስቀምጣል። በዚያው አገር በ450 የቁስል ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከፋሻው ጎን ለጎን ደም መልሳቸው ቶሎ ከተዘጋላቸው ሕሙማን የግማሾቹ ቁስል በ56 ቀን ውስጥ ሲድን፣ ከዘገየባቸው ግን የግማሾቹ ቁስል እስኪድን 82 ቀን እንደወሰደ አሳይቷል። ደም ስሬ ተዘግቶ ደሙ በየት ይሄዳል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው፤ አብዛኛው የእግር ደም የሚመለሰው በጥልቆቹ ደም መልሶች ነው፤ የልብ ቀዶ ሐኪሞችም ለተዘጋ የልብ ደም ቅዳ መተላለፊያ ለመሥራት ይህንኑ ከቆዳ ሥር ያለውን ረጅም ደም መልስ ከእግር ያወጡታል። ጥልቆቹ ራሳቸው በረጋ ደም የተዘጉ ከሆነ ግን ከቆዳ ሥር ያለው መንገድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ውሳኔው ይለያል። ሕክምናው ቢሳካም ዝንባሌው ስለማይጠፋ ከዓመታት በኋላ ሌላ ደም ስር ሊያብጥ ይችላል። በአገራችን የደም ስር ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ቀጠሮውም ዋጋውም ለብዙው ሰው ቅርብ አይደለም፤ ለካልሲውና ለእርምጃው ይህን ያህል ቦታ የሰጠሁትም ስለዚህ ነው።

ቆዳው የሳሳበት ያበጠ ደም ስር፣ አንዳንዴ በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ፣ ድንገት ፈንድቶ ደም ሊያፈናጥር ይችላል። እንዲህ ሲሆን ወዲያው ተኝቶ እግርን ከልብ በላይ ማንሳትና የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ሳይለቁ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ መጫን ያስፈልጋል፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ከላይ ጭን ላይ በገመድ ማሰር መድማቱን ሊያባብሰው ይችላል። ደሙ ቢቆምም ያው ደም ስር እንደገና ሊፈነዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።