ያሳዋ ላይ ባዶ እጅ አይኬድም

ካቫውን የገዛሁት የፓሲፊክ ደሴት አገር በሆነችው ፊጂ፣ ናዲ ከተማ ገበያ ነው። ካቫ ተወቅጦ በውሃ ታሽቶ የሚጠጣ የደረቀ ሥር ነው፤ በጋዜጣ ጠቅልለው በሪባን አሰሩልኝ። ግማሽ ኪሎው 50 የፊጂ ዶላር። ዋጋው አልከበደኝም። ያናደደኝ ባለታክሲው ነው። ጠዋት ከዴናራው ወደብ በ15 የመጣሁበትን መንገድ ለመመለስ 40 አለኝ። ወርጄ ሌላ ያዝኩ። እንግዳ ሲያዩ ዋጋ መቆለል የትም ይሁን የት አልወድም።

የወዳጄ የሸራ ጀልባ 12 ሜትር ናት፤ ከኒውዚላንድ ነው ያመጣት። የምንሄደው በስተምዕራብ ወደተደረደሩት የያሳዋ ደሴቶች ነው። እዚያ ደሴት የሚጠጉት ፀሐይ ከፍ ስትል ነው፤ ያኔ የውሃው ሆድ ይታያል። የጠቆረው ሰማያዊ ጥልቅ ነው፣ ነጣ ያለው አሸዋ፣ ቡናማው ጀልባ የሚጎዳው የኮራል ድንጋይ። እኔ ከፊት ቆሜ ቡናማ ባየሁ ቁጥር በእጄ እጠቁማለሁ።

ናቫድራ ያደርንበት ሌሊት ግን አይነሳ። ሰው የማይኖርባት፣ ቀን ሲያዩዋት የምታፈዝ ደሴት ናት። ማታ ማዕበሉ በግራም በቀኝም ዞሮ ይገባል። ጀልባዋ በተንገዋለለች ቁጥር ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ኩባያ ኳ ይላል። ተነስቼ ፎጣ ጠቀጠቅኩበት። ማንኪያዎቹ ተቀበሉት። እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ።

ከዚያ እስከ ዋያ ደሴት ነፋስና ፀሐይ ብቻ።

ዋያ ላይ ያሎቢ ከሚባለው መንደር ፊት ለፊት መልህቅ ጣልን። የፊጂ መንደሮች ከደጃቸው ባለው ባሕር ላይ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ የማጥመድ መብት አላቸው። ስለዚህ ሳይዋኙ፣ ዓሣም ሳያጠምዱ በፊት ካቫ ይዞ ማስፈቀድ ነው። ሥርዓቱን ሴቩሴቩ ይሉታል። ኮፍያና መነጽራችንን አወለቅን፤ እኔ ሱሉ የሚሉትን ሽርጥ አገለደምኩ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ደስ አለኝ።

የመንደሩ ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በፊጂኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ከዚያ የተወቀጠው ካቫ በውሃ ታሽቶ በኮኮናት ቅርፊት ቀረበ። አንዴ ይጨበጨባል፣ በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል፣ ሦስቴ ይጨበጨባል። አፈር አፈር ይላል፤ ምላስ ያደነዝዛል። ስንወጣ አንዲት እናት ትልቅ ፓፓያ አሸከሙኝ። ገንዘብ ባወጣ እጄን መልሰው ጨበጡት።

በማግስቱ አንድ ትልቅ ጀልባ መጣ። ሰዎቹ ወደ መንደሩ አልወጡም። ድሮናቸውን ግን ከቤቶቹ በላይ አስነሱ። ሴቶች ልብስ እያጠቡ ነበር። ደሜ ፈላ። የአንድ ጥቅል ካቫ ጉዳይ አይደለም፤ ባለቤት እያለ እንደሌለ መቁጠር ነው።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሂዱ። ካቫውን ከናዲ ሳትወጡ ግዙ፤ ለየመንደሩ አንዳንድ ጥቅል።