ረከቦት ይዞ ወንጪ

የመስሪያ ቤታችን ሰው ለጉዞ ሲነሳ መሪው ማን ይሁን ተብሎ አይጠየቅም። «ኮማንደር» የምንለው የአይቲ ልጅ አለ። ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር ተበላሸ ሲባል አይገኝም፣ ጉዞ ሲባል ግን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል።

ኅዳር ላይ ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አንድ ፒዲኤፍ ለቀቀ። «የወንጪ ዙሪያ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፤ ደረጃ፦ መካከለኛ» ይላል። መንገዱ በቀይ መስመር ተሰምሯል። ከአፋፉ ይነሳና ሐይቁ ድረስ ይወርዳል፣ በጀልባ ተሻግሮ ቂርቆስን ይሳለማል፣ ማዶ ወጥቶ ፍል ውሃውን ያያል፣ ከዚያ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። ክቡ ሲያዩት ያምራል። ችግሩ ወረቀት ዝርግ ነው፣ ወንጪ ግን ጉድጓድ ነው። የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ነው እኮ!

ከፒዲኤፉ ሥር የሚያዝ ዕቃ ተዘርዝሯል፦ ውሃ፣ ቆሎ፣ ኮፍያ፣ የዝናብ ልብስ። አንዱ «ኔትወርክ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ፋይናንስ ክፍል ያሉት እትዬ ደግሞ ፒዲኤፉን ሳይከፍቱ በድምፅ መልእክት «ቡናውን ለኔ ተዉት» አሉ። ግሩፑ በልብ ምልክት ተጥለቀለቀ። ቡናው በምን ይሄዳል ብሎ የጠየቀ የለም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እንነሳለን ተብሎ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን፤ በእኛ ልክ ይሄ በሰዓቱ ነው። ወሊሶ ላይ ለቁርስ የተመደበው 20 ደቂቃ ፍርፍሩ ሳይመጣ አለቀ። ከወሊሶ ወደ ቀኝ ታጥፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ መስኮት እያንኳኳ ገባ፣ እንሰቱም በየደጃፉ በዛ።

አፋፉ ላይ ስንቆም ለትንሽ ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ሐይቁ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተንጣሏል፣ ደሴቶቹ መሐሉ ላይ፣ የገብሱ ማሳ በየዳገቱ። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ ብሎ ከመረጣቸው የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ናት፤ ያንን ለመረዳት ሪፖርት ማንበብ አያስፈልግም፣ እዚያ መቆም ይበቃል።

«ፋርዳ? ፈረስ?» አለ አንድ ልጅ፣ ቀይ ፈረስ እየሳበ።

ኮማንደር ደረቱን ነፋ። «አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እኛ በእግር ነው የመጣነው።» ይህን ሲል ሚኒባሱ ከኋላው ሞተሩ ገና አልጠፋም። ልጁ ፈገግ አለና፣ እሺም እንቢም ሳይል፣ ፈረሱን እየሳበ ከኋላችን መጣ።

እትዬ ከመኪናው ሲወርዱ ጉዱ ታየ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ከሰል ከነምድጃው ዘንቢል ውስጥ፤ ረከቦቱ ደግሞ ለብቻው በነጠላ ተጠቅልሎ።

«እትዬ፣ ሲኒውን ሳር ላይ ብንደረድረውስ?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እንደ ከብት ጠባቂ ሜዳ ላይ ቡና ላፈላ ነው?» ብለው ረከቦቱን አስታቀፉኝ። ዘንቢሉ ለሹፌሩ ደረሰ።

ቁልቁለቱ ጨዋታ ነበር፤ እየዘፈንን ወረድን። ሌላ ተራራ ጠዋት ጉልበት ሳለህ አሰቃይቶህ ማታ ቁልቁል ይሸኝሃል። ወንጪ ግን አስቆ አስወርዶ ዳገቱን ለመመለሻ ያስቀምጣል። ሐይቁ ራሱ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከአፋፉ ትልቁ ጫፍ ደግሞ 3,386 ሜትር። ይህ ሁሉ ፒዲኤፉ ላይ «መካከለኛ» በምትል ቃል ታልፏል።

ቂርቆስን ተሳልመን ማዶ ስንደርስ ባለፈረሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። እኛ በጀልባ ስንንሳፈፍ እሱ በምድር ዞሮ ቀድሞናል። እትዬ «ና ልጄ፣ ቡና ጠጣ» አሉት። እውነት ለመናገር እዚያ የጠጣሁት ቡና በሕይወቴ ከጠጣሁት ሁሉ በላጭ ነው። የፍል ውሃው እንፋሎትና የእጣኑ ጭስ ተቀላቅለው፣ ሲኒው ረከቦቱ ላይ በሥርዓት ተደርድሮ፤ እትዬ ልክ ነበሩ። ልጁ እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ዳገቱን አየት፣ እኛን አየት አደረገና አሁንም ዝም አለ።

ዳገቱ ሲጀመር ዘፈኑ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ወሬውም ቆመ። ኮማንደር በየሃያ እርምጃው «ካርታውን ልይ» እያለ ይቆማል፤ ስልኩ ግን ከጠፋ ቆይቷል። እኔ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ የረከቦቱ እግር ደግሞ የጎድን አጥንቴን ይቆረቁረኛል።

መጨረሻ ላይ ኮማንደር ጉሮሮውን ጠራርጎ «ለዕቃው ብቻ አንድ ፈረስ ብንይዝ ምን ይመስላችኋል?» አለ።

ለዕቃው! ወዲያው ሁሉም ዕቃ እንዳለው ትዝ አለው። አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ ላፕቶፕ አለ አለች፤ ወንጪ ድረስ ላፕቶፕ ምን ሊያደርግ እንደመጣ አልጠየቅናትም። ልጁ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያፏጭ (የኮማንደር ፊሽካ ማታውኑ ከአንገቱ ወለቀ) ከኩርባው ጀርባ ፈረሶች ተግተልትለው ወጡ። ጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበሩ ማለት ነው። ዋጋው ከጠዋቱ እጥፍ ሆኗል። የተከራከረ የለም፣ ለክርክር ትንፋሽ ያስፈልጋላ።

ኮማንደር ዕቃውን ይዞ ወጣ። ዕቃው አንዲት የውሃ ላስቲክ ነበረች፣ ባዶዋን። እኔም ረከቦቱን ታቅፌ ቀዩ ፈረስ ላይ ተቆለልኩ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ልጁ ሂሳብ አሰበ። የኔን ከሌሎቹ አስበልጦ ጠራብኝ።

«ለምን? ረከቦቱ እኮ ዕቃ ነው!»

«ጋሼ፣ ፈረሱ የተያዘው ለዕቃ ነው ብላችኋል። የዕቃው ይኸ ነው። አንተ ደግሞ ሰው ነህ።»

እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው «ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «የረከቦቴን እኔ እከፍላለሁ፣ የራስህን አንተ ክፈል።»