ኮብልስቶን መሀል አልሞት ያለው አረም

በአዲስ አበባ አንዳንድ ግቢዎች፣ ክረምት በገባ ቁጥር ኮብልስቶኑ መሀል በበቀለው አረም ላይ ግላይፎሴት የተባለ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ይረጫል። ያው መድኃኒት ብቻ ዓመት ዓመት ሲደጋገም ግን አልሞት የሚል ይመጣል። አረሙ መድኃኒቱን “ለምዶ” አይደለም፤ በተፈጥሯቸው የሚቋቋሙ ጥቂቶች ቀድሞም ነበሩ፣ ሌላው ሲሞት ዘር የሚያፈሩት እነሱ ናቸው።

ግላይፎሴት ተክሉ አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን የሚሠራበትን ኢፒኤስፒኤስ የተባለ ኢንዛይም ይዘጋል። ለመግደል ከቅጠል ተነሥቶ እስከ ሥር ጫፍና እምቡጥ መድረስ አለበት። ኮኒዛ የሚባለው አረም (ተቋቋሚው እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ፣ ደላዌር ውስጥ ታውቋል) መድኃኒቱን ቅጠሉ ውስጥ፣ በሴሉ ቫኩዮል (በሴል ውስጥ ያለ ከረጢት) ቆልፎ ያስቀረዋል። ሌሎች ደግሞ የኢንዛይሙን ዘረመል አባዝተው ኢንዛይሙን ያበዙታል፤ ያኔ የተለመደው መጠን አይበቃም።

መድኃኒቱ ባልሠራ ቁጥር ግን ተቋቋሚ አረም ነው ማለት ስሕተት ነው። ግላይፎሴት ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ በደፈረሰ ውኃ ከተበጠበጠ፣ ወይም አቧራ በለበሰ ቅጠል ላይ ካረፈ ኃይሉን ያጣል። ከርጭቱ በኋላ ወዲያው የሚጥል ዝናብም ያጥበዋል። አጠራጣሪው ምልክት፣ በአንድ ርጭት የአንድ ዝርያ ተክሎች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ደርቆ ሌላው ለምለም ሲቀር ነው። ለምለም በቀረው ላይ የመድኃኒቱን መጠን አይጨምሩ። የኮኒዛን ዘር ነፋስ ስለሚወስደው ሳያብብ ከነሥሩ ይንቀሉት።