ጉማሬ መሀል የሰማን አምላክ

ደብረ ማርያም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ያለች፣ ደን የለበሰች ደሴት ናት። ከባሕር ዳር በጀልባ ብዙም አትርቅም። እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ወፍና ጉማሬ ልናይ፣ ትንሽም አየር ልንቀይር ሄድን። ገዳሟን ተሳለምን። ሻላዎቹን ስናይ ዋልን።

ስንመለስ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሞተሩ ቀጥ አለ።

ጀልባ ነጂው ልጅ እግር ነው። ገመዱን ደጋግሞ ሳበ። ወይ ፍንክች! የደወለለት ሰው አያነሳም። ቀጥሎ ስልኩም ዘጋ፤ የእኛማ ፎቶ ስናነሳ ቀድሞ ሞቷል። ውሃው ቀስ እያለ ወደ ዓባይ ይወስደናል፤ ከታች የጨራ ጨራ ግድብ አለ። ልጁ እንደምንም ደንገል ይዞ ጀልባዋን አሰራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ የሚወጣው በዚህ ነው። እንዳትናገሩ» አለን።

ጨለመ። ደንገሉ ቀጭ ቀጭ ይላል። አንዱ አጠገባችን ብቅ አለ። መጀመሪያ ሁለት ጆሮ ታየኝ፤ ቀጥሎ እፍፍ ሲል ውሃው ፊቴን ረጨኝ። ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች። እንዳትነቃ ብቻ!

እውነቱን ልናገር። ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። አባቴ ሲታመም ክረምቱን ሙሉ ስለት ተሳልኩ፣ ጠበል አመላለስኩ፤ በመስከረም ቀበርኩት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለባለቤቴ ስል ነበር። ያን ሌሊትም በልቤ የመጣው ጸሎት ሳይሆን ወቀሳ ነው። «ስንጠፋ አይገድህምን?» አልኩት። ደቀ መዛሙርቱ ጀልባ ላይ ሆነው ያሉት ቃል መሆኑ ትዝ ያለኝ ካልኩት በኋላ ነው።

ጀልባዋ ከሥር ተገፋች። ከፍ አልን፤ ተመልሰን ቁጭ። ባለቤቴ እጄን ጨመቀችው። ያኔ አባቴ ጠዋት ጠዋት የሚደግመው መዝሙር ሳልጠራው መጣ፦ «አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ።» ከዚያ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም። ጉማሬው አንዴ አናፋና ወደ ዳር ወጣ። ሣሩን ሲነጭ ይሰማናል።

እኩለ ሌሊት አካባቢ የመቅዘፊያ ድምፅ ሰማን። ሁለት ታንኳ! ከደሴቷ የመጡ አባትና ልጅ ናቸው። «ማታ ሞተር ሲቋረጥ ሰማሁ፤ መልሶ አልተነሳም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አሉ አባትየው። እግዜር ይስጥልኝ! ጉማሬ ባለበት ውሃ በሌሊት በደንገል ታንኳ መውጣት ምን እንደሆነ የጣና ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ልጄን አሻገሯት። አልነቃችም።

ሲነጋ ገንዘብ ብሰጣቸው፣ «ለኔ ተወው፣ ለእመቤታችን ጧፍ ግዛ» አሉኝ። ገዛሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ፣ «ታረቃችሁ?» አለችኝ።

«ማውራት ጀምረናል» አልኳት። የአባቴን ነገር ገና አልጨረስንም።